የእንስሳት ሐኪም የሚወጣው ከበረት ነው

(በዩኒየናችን 20ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ የዩኒየኑ የእንስሳት ጤና አገልግሎት ኃላፊ ያቀረቡት ንግግር)








በዚህ መድረክ እንድናገር ስጠየቅ የተሰጠኝ ርዕስ የእንስሳት ጤና አገልግሎታችን ትናንትና ዛሬ የሚል ነበር። ነገር ግን ስንት ከብት እንደተከተበ፣ ስንት በግ የጥገኛ ትል መድኃኒት እንዳገኘ ሥራ አስኪያጃችን ባቀረቡት ሪፖርት በዝርዝር ሰምታችኋል። እኔ ብደግመው ጊዜያችሁን መሻማት ይሆንብኛል። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ይሁንና በሪፖርት ቅጽ ላይ ዓምድ ስላልተሰጠው አንድ ሥራ ልናገር። ይኸውም ነባር የእንስሳት ሐኪሞች፣ ነገ ሐኪም ለመሆን የሚመኙ ልጆችን ከጎናቸው አሰልፈው የሚያስተምሩበት ሥራ ነው።

ይህን ርዕስ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ነገ ጠዋት በሚካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ፣ በየክረምቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን በክሊኒካችን ተቀብለን እናሠልጥን ወይስ አናሠልጥን የሚል አጀንዳ ቀርቧል። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የምታውቁት ጉዳይ ይሁን ብዬ ነው።

እኔ ራሴ እንዴት ሐኪም ሆንሁ?

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ሊያጠምደው ያሰበው አንድ ወይፈን ነበረን። በክረምት መግቢያ ላይ አንድ ቀን እያነከሰ ከመስክ ገባ። ታፋው አብጦ ነበር፤ በእጅ ሲጫኑት ከቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። በማግሥቱ ጠዋት ሞቶ አገኘነው። አባ ጎርባ ነበር። በሽታው ደግሞ፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ የከሳውንና ያረጀውን ትቶ የወዛውን ወጣት ከብት ነው የሚመርጠው።

የወረዳው የእንስሳት ሐኪም የደረሱት ወይፈኑ ከሞተ በኋላ ነበር። እኔም በልጅነት ድፍረት “ለምን ዘገዩ?” አልኋቸው። አባቴ ደንግጦ ሊቆጣኝ ሲል ሐኪሙ ከለከሉትና “እውነቷን ነው። የዘገየሁት ግን ዛሬ አይደለም። ዝናብ ሳይገባ ክትባቱን ይዤ መምጣት ነበረብኝ። አሁንማ ትናንት ብደርስም የማድነው አይመስለኝም” አሉ። ትልቅ ሰው በልጅ ፊት ጥፋቱን ሲቀበል ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀጥለውም “ክትባቱ ለቀሩት ከብቶች ቅዳሜ ይሰጣል። ሣጥኑን የሚይዝልኝ ሰው የለኝም፤ ትመጫለሽ?” ብለው ጠየቁኝ።

እኒህ ሰው ዛሬ ጡረታ ወጥተው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእናንተ ጋር ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ተማጽነውኛልና አልጠራም። “ዶክተራችን” ብዬ ባልፍ ግን ማንን እንደምል የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ሄድሁ። ከሣጥኑ ጋር የመጀመሪያው ትምህርት መጣ። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት እንዳለበት፣ ሣጥኑን በከፈትሁ ቁጥር ቅዝቃዜው እንደሚወጣ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ክትባት ውኃ ከመውጋት እንደማይሻል ነገሩኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ክትባት ማለት መርፌ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከመርፌው በፊት ሣጥኑን የሚይዘው ሰው ጥንቃቄ አለ።

ከእኔ ጋር ሌሎች አራት ልጆች ነበሩ። ለአምስታችንም በራሳቸው ገንዘብ አንዳንድ ደብተር ገዙልን። በደብተሩ የምንጽፍበት ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ ያያችሁትን ጻፉ እንጂ የመሰላችሁን አትጻፉ የሚል። “ላሟ ታማለች” ብሎ መጻፍ አይፈቀድም። ሙቀቷ በቴርሞሜትር ስንት ነው? የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታመሰኳለች ወይስ አታመሰኳም? በግራ ሽንጧ ጎድጓዳ ላይ መዳፍሽን ስታስቀምጪ ጨጓራዋ በደቂቃ አንድ ሁለት ጊዜ ይንቀሳቀሳል ወይስ ዝም ብሏል? እበቷ ምን ይመስላል? ትናንት ስንት ሊትር ታለበች? ይህን ሁሉ ሳይጽፉ የበሽታ ስም መጥራት ክልክል ነበር።

ከአምስታችን ሁለታችን የእንስሳት ሐኪሞች ሆንን። አንዱ መምህር፣ አንዷ ነርስ ሆኑ። አምስተኛው እርሻውን ቀጥሎ ዛሬ የማኅበሩ አባል ነው፤ በጎቹን በየዓመቱ ከሁሉ ቀድሞ የሚያስከትበው እርሱ ነው። ዶክተራችን ከአምስቱ የትኛውንም እንደ ኪሣራ ቆጥረውት አያውቁም።

“ላሜ መማሪያ አይደለችም”

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተማርሁ። ቢሾፍቱ በአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች በዲግሪ ደረጃ መሠልጠን የጀመሩባት ከተማ ናት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፋኩልቲው እስኪከፈት ድረስ ሐኪሞቻችን ይህን ትምህርት ባሕር ማዶ ሄደው ነበር የሚማሩት። ዛሬ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ሐሮማያ፣ ጅማ፣ ሐዋሳና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪም ያወጣሉ። ይህ ትልቅ እመርታ ነው። መምህሮቼም ያልሰጡኝ እውቀት አልነበረም።

ይሁንና እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በአንዲት የመማሪያ ላም ዙሪያ ብዙ ተማሪ ሲቆም፣ ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ነው። መጽሐፍ የላም ምጥ በምን በምን ምክንያት እንደሚሰናከል በሥዕል ያሳያል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በባትሪ ብርሃን፣ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይን አንቺ ላይ ሆኖ፣ እጅሽ ውስጥ ያለው የጥጃው ፊት እግር ይሁን የኋላ እግር ለመለየት ግን በረት መግባት ግድ ነው።

አራተኛ ዓመት ሳለሁ ክረምቱን እንደ ልማዴ ዶክተራችንን ተከትዬ ዋልሁ። አንድ ሌሊት ለአንዲት ክልስ ላም ተጠራን። ላሟ ከማታ ጀምራ ስታምጥ ሁለት እግር ወጥቷል፤ ጭንቅላቱ ግን የለም። ጎረቤት ተሰብስቦ እግሩን በገመድ ሊጎትት ነበር። ዶክተራችን ጉተታውን አስቆሙና ለእኔ “ታጠቢ” አሉኝ።

የላሟ ባለቤት ይህን ሲሰሙ ከፊቴ ቆሙ። “ዶክተር፣ እርስዎን ነው የጠራሁት። ይችን ልጅ ከላሜ ላይ ያንሱልኝ። ላሜ መማሪያ አይደለችም። ደግሞስ ለሴት ልጅ ይህ ሥራ ነው?” አሉ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበሩም። ያቺ ላም የልጆቻቸው ደብተር፣ የቤታቸው ዘይትና ጨው ነበረች። እርሳቸውን የሚያስጨንቃቸው ነገር ትክክል ነበር። ዶክተራችንም “አይመለከትዎትም” አላሏቸውም። ያሏቸው እንዲህ ነው፦ “እኔ ከጎኗ ነኝ፤ አንድ እርምጃ አልርቅም። ላሟ ላይ ለሚደርሰው ተጠያቂው እኔ ነኝ። የልጅቱ እጅ ግን ከእኔ እጅ ይቀጥናል። ላሟ ብትጠየቅ የምትመርጠው ቀጭኑን ነው።” ሰውየው ትንሽ አሰቡና መንገድ ለቀቁልኝ።

እጄን አስገባሁ። የጥጃው አንገት ወደ ጎን ታጥፎ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዞሯል። ልጎትተው ስል ከኋላዬ ድምፃቸው መጣ፤ “አትሳቢ። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ግፊው፤ ቦታ ሳታገኝ የሚቃና አንገት የለም። ስታምጥ ጠብቂ፤ ስታርፍ ግፊ” አሉኝ። ገፋሁ፤ ጠበቅሁ፤ ገፋሁ። ከዚያም አፉን በመዳፌ ሸፍኜ፣ ጥርሱ ማኅፀኗን እንዳይቧጥጥ እየተጠነቀቅሁ፣ ጭንቅላቱን አቃናሁት። ጥጃዋ በሕይወት ወጣች። ዶክተራችን በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ጊዜ እጃቸውን አላስገቡም። ሊያስገቡ እንደፈለጉ ግን ትንፋሻቸው ይነግረኝ ነበር። ዛሬ እኔ ተማሪ ከፊቴ አቁሜ ስሠራ፣ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ከማዋለዱ ይበልጥ የሚከብድ ሥራ መሆኑን አውቄያለሁ።

ስለ ጥፋቴ

የሠራሁትን ብቻ ተናግሬ ብወርድ ግማሹን መደበቅ ይሆናል። ስለዚህ ያጠፋሁትንም ልንገራችሁ።

በተመረቅሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ብቸኛዋ የወተት ላማቸው በወለደች በማግሥቱ ወድቃ አልነሳ አለቻቸው። ብቻዬን ሄድሁ። ላሟ ተኝታለች፤ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋለች፤ ጆሮዋ ቀዝቅዟል። እኔ የማኅፀን ቁስለት መስሎኝ የጀርም መድኃኒት ወጋኋትና “እስከ ማታ ትነሳለች” ብዬ ሄድሁ። እስከ ማታ ሞተች።

ላሟ የነበረባት ወልደው ብዙ ወተት የሚሰጡ ላሞችን የሚጥለው የካልሲየም እጥረት ነበር። የወተት ትኩሳት እየተባለ ይጠራል። ስሙ ትኩሳት ይባል እንጂ ሙቀት አያስነሳም፤ እንዲያውም የላሟ ሙቀት ከተለመደው ሊወርድ ይችላል። በጊዜው ካልሲየም በደም ሥሯ በቀስታ፣ የልቧ ምት እየተደመጠ ቢሰጣት ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ትነሳለች። ቴርሞሜትሩ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ዶክተራችን በማግሥቱ መጡ። በእኒያ እናት ፊት አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ለእርሳቸውም “ጥፋቱ የእኛ ነው” አሏቸው። “የእርሷ” አላሉም፤ “የእኛ” ነው ያሉት። ወደ መንገድ ስንወጣ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ “ሙቀቷ ስንት ነበር?” መልስ አልነበረኝም። “እንግዲያው ተመለሽና ምን እንዳልሠራሽ ራስሽ ንገሪያቸው። ከዚያም በየሳምንቱ እየሄድሽ ጠይቂያቸው፤ መንገድ ለውጠሽ እንዳትሄጂ” አሉኝ።

ከሕክምና ሥራ ሁሉ የከበደኝ ያ ነው። በየሳምንቱ ሄድሁ። መጀመሪያ ላይ እኒያ እናት ከደጅ አሳልፈውኝ አያውቁም። ከዓመት በላይ ቆይቶ ከማኅበራቸው በተገኘ ብድር ጊደር ገዙ። ጊደሯ ስትወልድ፣ ሌሊት ልጃቸውን ልከው ያስጠሩት ሌላ ሐኪም ሳይሆን እኔን ነበር። ስደርስ የመጀመሪያ ቃላቸው “ዛሬ ሙቀቷን ለኪልኝ” የሚል ነበር። ለካሁ። ጤነኛ ነበረች።

ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። አዲስ ምሩቅ ሁሉ ይሳሳታል። ልዩነቱ ከተሳሳተ በኋላ ከጎኑ ማን አለ የሚለው ነው። አጠገቡ ሰው የሌለው ወጣት ስሕተቱን መደበቅን ይማራል። የሚደብቅ ሐኪም ደግሞ ያንኑ ስሕተት በሁለተኛው ላም ላይ ይደግመዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ገበሬው ነው።

ከታሪካችን የምናገኘው ትምህርት

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

ይህ ጉዳይ የአንድ ሐኪምና የአንዲት ተማሪ ወግ ብቻ አይደለም። አያት ቅድመ አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚያስታውሱት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሃብ የጀመረው በከብት በሽታ ነው። ደስታ የሚባለው በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት ፈጀ። በሬው ያለቀበት ገበሬ ሞፈሩን ይዞ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ከብት ሲያልቅ ሰው እንዴት እንደሚያልቅ ከእኛ ይበልጥ የተማረ አገር የለም።

ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በአፋር ነበር። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወቀላት፤ ዓለምም በሙሉ ነፃ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በእኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። ያ ዓመት እኔ የተመረቅሁበት ዓመት ነው። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ገጽ የጠፋ በሽታ ይህ ብቻ ነው።

እንዴት ጠፋ? ክትባቱ ነበር፤ ዘመቻውም ለብዙ ዓመታት ተካሂዷል። ነገር ግን መኪና የማይደርስበት፣ በረዶ የማይቆይበት የአፋር ቆላ አስቸግሮ ቆየ። መፍትሔው የተገኘው ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ከተሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የአፋር አርብቶ አደሮች ከመካከላቸው የመረጧቸው ሰዎች በሐኪሞች ሠልጥነው የራሳቸውን ከብት ራሳቸው መከተብ ሲጀምሩ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የሰለጠኑት ከብቱን የሚያውቁ፣ ሕዝቡ የሚያምናቸው ሰዎች ነበሩ። ያሰለጠኗቸውም እውቀታቸውን ለመልቀቅ ያልሰሰቱ ሐኪሞች ነበሩ።

አሁን በፊታችን ያለው ቀጣዩ ሥራ ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ነው። ዓለም እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ሊያጠፋው ዕቅድ ይዟል። በጎቻችንን ማን ይከትባል? ዛሬ አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉት ልጆቻችን ናቸው የዚህ ሥራ ወራሾች። ሣጥኑን ዛሬ ካላስያዝናቸው ነገ መርፌውን ከየት ያመጡታል?

ለጥርጣሬዎቹ መልስ

በአጀንዳው ላይ ስንወያይ ከቦርድ አባላትና ከአባላት ሦስት ጥያቄዎች ተነሥተዋል። ሦስቱም ተገቢ ናቸው።

አንደኛው፦ “ተማሪ ከብታችንን ቢጎዳብንስ?” የሚል ነው። መልሱ ተማሪ ብቻውን አንድም ከብት አይነካም፤ አንድም መርፌ አይወጋም የሚል ይሁን። ሐኪሙ ከጎኑ ይቆማል፤ ተጠያቂውም ሐኪሙ ነው። ባለ ከብቱም አስቀድሞ ይጠየቃል። “አይሆንም” ካለ አይሆንም፤ አገልግሎቱም አይጓደልበትም። ላም መማሪያ የምትሆነው ባለቤቷ ሲፈቅድና የሚያስተምረው ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፦ “ልጆቹ ራሳቸው ቢጎዱስ?” የሚል ነው። ይህ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። ምራቋ የሚዝረበረብ ላም ስናይ ብዙዎቻችን አጥንት ወይም ድንች የታነቀባት መስሎን እጃችንን ወደ አፏ እንሰዳለን። የእብድ ውሻ በሽታ ያለባትም ላም እንዲሁ ነው የምትታየው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ያለ ጓንት በሽተኛ ከብት አይነኩም። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት አስቀድሞ እንዲያገኙ ከጤና ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር አለብን። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰው ከብት ሲገኝ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና አይከፈትም፣ አይገፈፍም፣ ሥጋውም አይበላም። ይህን ደንብ ተማሪው መጀመሪያ ይማራል። በየቤቱም ይዞት ይገባል። እኛ ስንት ዓመት ስንናገር ያልሰማ አባት ከልጁ አፍ ሲሰማ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሦስተኛው፦ “አሠልጥነን ከተማ ወይም ሌላ አገር ቢወስዳቸውስ? ደግሞም የእኛ ሥራ እህልና ወተት መሸጥ አይደለም ወይ?” የሚል ነው። አዎን፣ አንዳንዶቹ ይሄዳሉ። ይህን ጥያቄ ለዶክተራችን ሳቀርብላቸው “የሚሄዱበት አገር ከብት የለውም እንዴ?” ብለው መለሱልኝ። የሚቀረው ግን ይበዛል። ወተት የምንሸጠው ደግሞ ላም ስትኖር ነው። ጥጃ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ እንገር ካልጠጣች የመኖር ዕድሏ እንደሚመነምን፣ መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት የተነገረው ቀን ሳይሞላ ወደ ማኅበሩ መሰብሰቢያ መግባት እንደሌለበት በየበረቱ እየገባ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገናል። ከዚህም ሌላ ትምህርትና ሥልጠና፣ ለአካባቢ ኅብረተሰብ ማሰብም ከኅብረት ሥራ መርሆዎች መካከል ናቸው። አዲስ ነገር አልጠየቅናችሁም፤ የተቋቋምንበትን ነው የጠየቅናችሁ።

የምንጠይቀው

ነገ የሚቀርብላችሁ ጥያቄ ትንሽ ነው። በየክረምቱ አራት ተማሪዎችን እንቀበል። ሁለቱ በዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ የአባላት ልጆች፣ ሁለቱ ደግሞ ትምህርቱን የሚመኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሁኑ። ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። ማደሪያ ከክሊኒኩ ጀርባ ባዶውን የሚያድረው ክፍል ይበቃል። ዩኒየኑ ምግብ፣ ጋዋን፣ ቦቲ ጫማና ጓንት ይቻል። ለእያንዳንዳቸውም አንዳንድ ደብተር።

ለአባላት የማቀርበው ልመና፦ ሐኪሙ ከተማሪ ጋር ሲመጣ በራችሁን ክፈቱልን። የከብታችሁን ጠባይ ከእኛ ይበልጥ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ላሟ መቼ ምግብ እንደቀነሰች፣ ከመንጋው መቼ እንደተለየች ለተማሪው ንገሩት። እናንተም መምህራን ናችሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ ለእንስሳት ሐኪሞችና ለጤና ኬላ ባለሙያዎች፦ ጊዜ እንደሌለን አውቃለሁ። አንድ ሐኪም የስንቱን ቀበሌ ከብት እንደሚያይ እኔም አውቀዋለሁ። ተማሪ ይዞ መሄድ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ አንድ ሰዓት ያደርገዋል። እኛ ግን እዚህ የቆምነው ለእኛ ያንን ግማሽ ሰዓት የከፈለ ሰው ስለነበረ ነው። ዕዳ አለብን። ልጅ ሲጠይቃችሁ “አንተ ምን ይገባሃል” አትበሉት። ሲሳሳትም በባለ ከብቱ ፊት አታዋርዱት፤ በመንገድ ላይ ግን ሙቀቷ ስንት ነበር ብላችሁ ሳትጠይቁት እንዳትለያዩ።

ለክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፦ የሐኪሙን ሥራ ስትመዝኑ የተከተበውን ከብት ቁጥር ብቻ አትዩ። ስንት ተማሪ አብሮት እንደዋለም ጠይቁ። በቅጹ ላይ አንድ መስመር ብትጨምሩለት ያ ሥራ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል። የሚመረቁ ወጣት ሐኪሞችም በመጀመሪያው ዓመታቸው ብቻቸውን ሩቅ ኬላ ላይ ከመጣል ይልቅ ነባር ባለሙያ ባለበት ቢጀምሩ ገበሬውም እነርሱም ይጠቀማሉ።

ማጠቃለያ

በመጨረሻም አንድ ነገር ልንገራችሁና ልውረድ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ በየቅዳሜው አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ክሊኒካችን ትመጣለች። ማንም አልጠራትም። መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆማ “ሣጥን የሚይዝ ሰው ትፈልጋላችሁ?” ብላ ጠየቀች። የማን ልጅ እንደሆነች ስጠይቃት ደነገጥሁ። ያኔ “ላሜ መማሪያ አይደለችም” ብለው ከፊቴ የቆሙት ሰው የልጅ ልጅ ናት። አያቷን ሄጄ ፈቃዳቸውን ጠየቅሁ። እርሳቸውም “ያኔ የተወለደችው ጥጃ ስንት ጥጃ እንደሰጠችኝ ልቁጠርልሽ?” አሉኝ፤ መልሳቸው ይኸው ነበር።

ደብተሩን እኔ ገዛሁላት። ደንቡንም እንደተቀበልሁት አስተላለፍሁላት፤ ያየሽውን ጻፊ እንጂ የመሰለሽን አትጻፊ ብዬ። በዚህ ክረምት የምታድርበት ክፍል፣ የምታጠልቀው ጓንት እንዲኖራት ማድረግ ግን በእናንተ እጅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ይህን ሥራ ዶክተራችን ሙሉ ዕድሜያቸውን ብቻቸውን በደመወዛቸው ተሸክመውት ኖረዋል። ከእንግዲህ እኛ እንሸከምላቸው።

ዶክተር፣ ስምዎን አልጠራሁም። ቃሌን ጠብቄያለሁ። አመሰግንዎታለሁ ማለት ግን አልከለከሉኝም።